የቡሬ ታፔላ ፊደል

ማንበብ የጀመርኩት በሃያ አራት ዓመቴ ነው። ይህን ስናገር ሰው ፊቱን የለቅሶ ቤት ፊት ያደርግብኛል፤ አልወድለትም። ከዚያ በፊትም ዓይን ነበረኝ። ከቀበሌያችን ወደ ቡሬ ገበያ ስወጣ የትኛው ወፍጮ ቤት፣ የትኛው ልብስ ሰፊ፣ የትኛው መድኃኒት ቤት እንደሆነ ማንንም ሳልጠይቅ ዐውቅ ነበር፤ የማውቀውም ከታፔላቸው ነው። የፊደሎቹን ድምፅ አላውቅም፣ ቁመናቸውን ግን ዐውቃለሁ። የወፍጮ ቤቱ «ወ» እንደ ተከካ ባቄላ ሆና በአንድ እግሯ የቆመች ነበረች። «ቤ» ቀኝ እግሯ ላይ አልቦ አስራለች። ሁሉም እግራቸው ወፍራም፣ ወገባቸው ቀጭን፣ ጫማቸው እንደ አበባ ቅጠል ወደ ግራና ወደ ቀኝ የተከፈተ ነበር። ከኋላቸው ደግሞ ጥላ አላቸው። ጥላ ያለው ነገር አካል አለው ብዬ አምን ነበር።

ኋላ በገባሁበት የማታ ትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ ያገኘኋቸው ግን ከስተው ነበር። «ወ» ያችው «ወ» ነች፤ ግን ታማለች። ይህንኑ ለመምህራችን ብነግረው ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

«ፊደል ፊደል ነው» አለኝ። «አንቺ ድምፁን ያዢ፤ ለጋብቻ አትምረጪው።»

ድምፁን ያዝኩ። ቂሙንም ያዝኩ።

አሁን ፍኖተ ሰላም ውስጥ ባለች አንዲት ማተሚያ ቤት ጽሑፍ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ማተሚያ ቤት የምላት ለክብሯ ነው እንጂ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ የባነር ማተሚያና አንድ ስቲከር የሚቆርጥ ማሽን ያላት ጠባብ ክፍል ነች። የሠርግ ጥሪ፣ የምርቃት ባነር፣ የማኅበር ቲሸርት፣ የሙት ዓመት ካርድ እንሠራለን። ሙሽራዋንም ሟቹንም የምንጽፋቸው በአንድ ዓይነት ፊደል ነው። ደንበኛ «ጎላ ይበል» ይላል፤ እናጎላለታለን። የከሳን ሰው ቀርበው ቢያዩት አይወፍርም፤ ይህን ግን ለደንበኛ አንናገርም።

የቤቱ ባለቤት በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። ደስ ሲለው «እታለም» ይለኛል፤ ሲናደድ «አንቺ ሴትዮ»። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ቸኩሎ የተወለደ ነው።

ቡሬ ቤተሰቦቼን ልጠይቅ በሄድኩ ቁጥር፣ መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን ሁሉ፣ የቆዩትን የቆርቆሮ ታፔላዎች በስልኬ ፎቶ አነሳ ነበር። ቤቴ ስመለስ ባለካሬ ደብተር ላይ አንድ በአንድ እገለብጣቸዋለሁ። ዓይኔ ሲለምድ ሁሉም የአንድ ሰው እጅ እንደሆኑ ገባኝ። የልብስ ሰፊው «ስ» እና የመድኃኒት ቤቱ «ድ» ከአንድ ማሕፀን የወጡ ናቸው። ቀጥሎ በነፃ የሚገኝ የፊደል መሥሪያ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ ጫንኩና፣ ሥራ በሌለ ሰዓት፣ ከደብተሬ ወደዚያ ማሻገር ጀመርኩ። በቁልፍ ሰሌዳው ስጽፍ የወፍጮ ቤቱ «ወ» ጥላዋን አስከትላ ስክሪኑ ላይ እንድትቆም ፈለግሁ። ማንም አላዘዘኝም። ባለቤቱ በትከሻዬ ላይ ብቅ እያለ «እታለም፣ የሰው ልጅ ጨረቃ ላይ ወጥቷል፤ አንቺ ዝገት ትገለብጫለሽ» ይለኝ ነበር።

አንድ ሰኞ ቀን ባለቤቱ ወረቀት ይዞ እየሮጠ ገባ። የቡሬ ዋና መንገድ ዳር ያሉ ሱቆች ሁሉ ታፔላቸውን በአንድ ዓይነት እንዲቀይሩ ከከተማው ቢሮ ታዟል፤ ሃያ ሦስቱን የምንሠራው እኛ ነን። የድሮዎቹ ይወርዳሉ።

ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብኩት። ደገምኩት። ሠለስኩት። ዘግይቶ ማንበብ የተማረ ሰው ዓይኑ መስመር አይዘልም፤ ሲዘል የቀጡት ሰዎች ብዙ ነበሩና። ወርዱ ይህን ያህል፣ ቁመቱ ይህን ያህል፣ መደቡ ሰማያዊ፣ ጽሑፉ ነጭ፣ ከመሬት ያለው ከፍታ ይህን ያህል፣ «ጽሑፉ ጎልቶ የሚነበብ ይሁን»። በቃ። በምን ዓይነት ፊደል እንደሚጻፍ አንድም ቦታ አይልም።

«በድሮው ታፔላ ጻፊ ፊደል ነው የምጽፋቸው» አልኩ።

«በየትኛው?»

«በዝገቱ።»

ሊስቅ ብሎ ተወው። «እታለም፣ የቢሮው ሰዎች ዘመናዊ ይሁን ነው ያሉት።»

«ወረቀቱ እንዲያ አይልም። አንብበው።»

«ወረቀቱን ተይው! ሁሉም የሚያውቀው ነገር አለ። ደግሞ አስቢው እንጂ፣ ገበሬው እንዴት አድርጎ ያነበዋል? ጌጥ የበዛበት ነገር ላልተማረ ሰው ይከብዳል።»

እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ አልናገርም። ያን ቀንም ከፍ ያደረግሁ አልመሰለኝም፤ ደጅ የቆመው ባለጋሪ ግን ዞሮ አየኝ።

«ያልተማረው ሰው እኔ ነበርኩ» አልኩት። «የተማረማ የትኛውንም ቢሰጡት ያነባል። መልክ የሚያስፈልገው ላልተማረው ነው። በእናንተ ፊደል ቢጻፍ ኖሮ እኔ ወፍጮ ቤቱን ከመድኃኒት ቤቱ አልለየውም ነበር። ስለ ገበሬው የምትነግረኝ አንተ አይደለህም።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠና አንገቱን አከከ። ብዙ ጊዜ አንገቱን ሲያክ ሊሸነፍ ነው፤ ግን በነፃ አይሸነፍም። «እሺ» አለ። «የመጪው ሳምንት ዓርብ ቆርጠን እንለጥፋለን። ለሃያ ሦስቱም ታፔላ የሚያስፈልገው ፊደል እስከዚያ ተሟልቶ ካለቀ በዝገትሽ እንጽፋለን። አንዲት ፊደል ብትጎድል ግን፣ አንዲት፣ ሁሉንም በተለመደው እጽፋለሁ፤ አንቺም ዝም ትያለሽ።»

«ዝም እላለሁ» አልኩ።

የሱቆቹን ስም ዝርዝር ወስጄ የሚያስፈልጉኝን ፊደላት አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። ደብተሬ ላይ ካሉት ጋር ሳመሳክር አሥራ አንድ ጎደሉ። ገምቼ ልሠራቸው እችል ነበር። ግን ግምት ከእጅ ጋር ሲቀመጥ ያስታውቃል፤ ያስታወቀ ነገር ደግሞ ለሚቀልድብኝ ሰው ማስረጃ ይሆናል። ታፔላ ጻፊው በሕይወት እንዳሉ ሰምቼ ነበርና ረቡዕ ዕለት ሄድኩ።

ቤታቸው ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ በባጃጅ ሄደው ከዚያ በእግር የሚደረስበት ነው። አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ሆኖ ብቻውን ይንቀጠቀጣል። ሚስታቸው ከጓዳ በአውኚ ቋንቋ አንድ ነገር ጮኸው ጠየቁ፤ እሳቸው በአማርኛ «እንግዳ ናት፣ ገና አላወቅኋትም!» ብለው መለሱ።

«የኔታ፣ እንደምን ዋሉ?»

«የኔታ አትበይኝ። ማንን አስተማርሁና? ቁም ጽሕፈት ተምሬ፣ ብራና ላይ እጽፋለሁ ብዬ ቆርቆሮ ላይ የቀረሁ ሰው ነኝ። መምህሬ እንኳ እስኪሞቱ ድረስ ‹ፊደል ለስኳርና ለጨው ሸጥህ› እንዳሉኝ ነው። አንች የማን ነሽ?»

የማን እንደሆንኩ፣ ምን እንደምሠራ፣ ለምን እንደመጣሁ ነገርኳቸው። ፊደላቱን አንድ አንድ ገጽ እንዲሞሉ አድርጌ አትሜ ይዤላቸው ነበር። የመጀመሪያውን ገጽ ወስደው አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት። ከዚያ ሁለተኛውን። ከዚያ ሦስተኛውን። 

«ይች ከራሷ የምትወርደው ጭራ ምንድን ናት?»

ከአንዳንዱ ፊደል ራስ በስተቀኝ ቁልቁል የምትወርድ ቀጭን መስመር ነበረች። በየታፔላው ሦስት አራት ፊደል ላይ አይቻታለሁ። በጣም ወድጃት ነበር። ጌጥ ከሆነች ለአንዱ ተሰጥታ ለሌላው መነፈግ የለባትም ብዬም ለሁሉም አዳርሻታለሁ፤ ስም እንኳ አውጥቼላታለሁ።

«ሹሩባዋ ናት» አልኩ።

«ሹሩባዋ!» ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ነይ ውጭ! ነይ ስሚ!» ብለው ሚስታቸውን ተጣሩ። «ልጅቱ የሚስማር ዝገት ሹሩባ ብላ ሠርታልኛለች! ቆርቆሮው ከላይ በሚስማር ተመትቶ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ዝገቱ ቁልቁል ሲፈስ ነዋ! ለሁሉም ደግሞ!»

«ብዙዎቹ ላይ አለ እኮ አባቴ» አልኩ፤ ጆሮዬ ግሎ።

«ሚስማሩስ ብዙ አይደል?»

ልነሣ አልኩ። ከዚያ ደግሞ ከዚህ ሁሉ መንገድ በኋላ በአንዲት ሹሩባ የምባረር ሰው አይደለሁም ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። «እሺ፣ ሹሩባው የሚስማር ነው» አልኳቸው። «ጥላውስ? ከመንገዱ በወዲህ በኩል ያሉት ታፔላዎች የፊደላቸው ጥላ ወደ ግራ ነው፤ በወዲያ በኩል ያሉት ወደ ቀኝ። አንዱም አልተሳሳተም። ይህስ የማን ነው?»

ሳቃቸው ቆመ። ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። አየሁት።»

«ጧት ፀሐይ በየት ትወጣለች?» አሉ፤ መልሴን ሳይጠብቁ። «ሰው ወደ ገበያ የሚገባው ጧት ነው። ፀሐይ እየወጣችበት ካለው በኩል ጥላ ብጥል ውሸት ይሆናል። ሱቁ ፊቱን ወዴት እንዳዞረ ሳላይ ቡርሽ ነክሬ አላውቅም። ስንት ዘመን ስጽፍ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ባለሱቆቹ እንኳ ‹ቀለሙ አይልቀቅ እንጂ› ነው የሚሉኝ።»

በዚህ ጊዜ ስለ ጎደሉት አሥራ አንድ ፊደላት ነገርኳቸው፤ መሬት ላይም ቢሆን በእንጨት እንዲጭሩልኝ ለመንኩ። የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን አንሥተው አሳዩኝ።

«በዚህ? አልሰድባቸውም። ይልቅ ታፔላዎቹን ገልብጪያቸው።»

«እንዴት?»

«ጸሐፊ መጽሐፍ ከመጀመሩ በፊት ብዕሩን ባዶ የብራና ቅጠል ላይ ይፈትናል። እንዲያ ነው የተማርሁት። እኔ ባዶ ቅጠል የለኝም፤ የቆርቆሮው ጀርባ አለኝ። ቡርሹን እዚያ ሳልፈትን ወደ ፊት አልዞርም። ከ‹ሀ› ጀምሬ እስኪበቃኝ። ፊቱን ለባለሱቁ ጻፍሁ፤ ጀርባውን ለራሴ። የወፍጮ ቤቱን አስቀድሚ፤ እሱን ስጽፍ ሦስት ቀን ዝናብ ይዞኝ ብዙ ፈትኛለሁ።»

በቀጥታ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄድኩ። ቤቱ ያው ነው፤ የያዙት ግን አሁን ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። በር ላይ ዱካ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ቅንድባቸው ሳይቀር ዱቄት ሆኖ፣ ተራ ያስይዛሉ። ወፍጮው እየጮኸ ስለሆነ ጉዳዬን በጩኸት ነበር የነገርኳቸው።

«እትዬ፣ ታፔላውን አውርጄ ጀርባውን ለማየት ፈልጌ ነበር!»

«ቢሮው ነው የላከሽ?»

«አይደለም!»

«ታዲያ ማን ላከሽ፣ መልአክ?»

ተራ የያዙት ሴቶች ሳቁ። ከየት እንደመጣሁ ብናገር ይሻለኛል ብዬ ማተሚያ ቤቱን ጠቀስኩ። መጥቀስ አልነበረብኝም።

«ኧረ ድፍረት!» ብለው ተነሡ። «አዲሱን የምትሠሩት እናንተ አይደላችሁ? በአንድ እጅሽ ታወርጅዋለሽ፣ በአንዱ ትዳብሽዋለሽ? ይህን ያሰቀለው ባሌ ነው። እነሱ ይወርዳል ካሉ መጥተው ከእጄ ይቀበሉኝ። አንች ደግሞ ቀድመሽ መጣሽ!»

«እትዬ፣ እኔም እንዳይጠፋ ነው የመጣሁት።»

«ሁሉም እንዲያ ነው የሚለው። ሌባም በሬ ሲነዳ ‹እንዳይጠፋ› ይላል።»

ሴቶቹ እንደገና ሳቁ። ክርክር እንደማያዋጣ ገባኝና ደብተሬን አውጥቼ ከፈትኩላቸው። የእሳቸው ታፔላ አለበት፤ እያንዳንዱ ፊደል በየካሬው፣ ስፋቱ ከጎኑ ተጽፎ። ማንበብ እንደማይችሉ ያወቅሁት ደብተሩን ገልብጠው ሲይዙት ነው። ያም ሆኖ ወዲያው አቃኑት፤ ፊደሎቹን በእግራቸው አቆሟቸው። ጣታቸውን «ቤ» ላይ አሳረፉ።

«ይች የእኛ ናት» አሉ፤ ቀስ ብለው።

«አዎ፣ እትዬ። አዲሱም ላይ ይቺው እንድትሆን ነው የምለፋው። አሥራ አንድ ፊደል ጎድሎኛል። ካልሞላሁ ሃያ ሦስቱም በሌላ ይጻፋል።»

 ሴትዮዋ ወደ ውስጥ ዞረው «መሰላል!» ብለው ጮኹ። «ስሚ፣ አይተሽ አሁኑኑ እዚያው ትመልሽዋለሽ። ከሚስማሩ አንድ ቢጎድል በጥርስሽ ነው የማስመታሽ።»

ሁለት ሸክም አውራጆች ወጥተው ታፔላውን አወረዱት። ከላዩ የሸረሪት ድርና የብዙ ዘመን ዱቄት ወረደ። በፊቱ ደፍተን ጀርባውን በነጠላዬ ጠረግሁት። ከዳር እስከ ዳር ፊደል ነበር። በቀይም፣ በጥቁርም፣ በአረንጓዴም፤ አንዳንዱ ከአንዳንዱ ላይ ተነባብሮ፣ አንድ መስመር ላይ «ጠ ጡ ጢ ጣ» እስከ መጨረሻው፣ ከሥሩ አንዲት «ኳ» ብቻዋን አምስት ጊዜ ተደጋግማ፣ እስክታምር ድረስ። አራተኛዋ ላይ ያማረች ይመስለኝ ነበር፤ እሳቸው ግን አምስተኛዋን ፈልገዋል። ብቻቸውን ዝናብ እየጠበቁ፣ ማንም በማያየው ጀርባ ላይ። እዚያ ዱቄት ውስጥ ተንበርክኬ ፎቶ ሳነሳ ዓይኔ ውኃ አዘለ፤ ሴትዮዋ ዱቄቱ ነው አሉልኝ፤ አመሰገንኳቸው።

ከአሥራ አንዱ ዘጠኙን አገኘሁ። ታፔላውን በቆጠሩት ሚስማር ልክ መልሰን ሰቀልን።

የቀሩት ሁለቱ «ቪ» እና «ዥ» ነበሩ። ሁለቱንም የሚፈልጋቸው አንድ ሱቅ ነው፤ በቅርቡ የተከፈተ የቴሌቪዥን ጥገና። ቆይቼ ሳስበው የትኛውም ታፔላ ጀርባ ላይ አይገኙም ነበር። ሽማግሌው ቡርሻቸውን የፈተኑት በብራና ትምህርታቸው ፊደል ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ግእዝ አያውቃቸውም።

«‹ቲቪ› ብለን እናሳጥረው» አለ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት፤ ሊረዳኝ ፈልጎ።

«ቪዋ እዚያም አለች አይደል?»

«ውይ፣ እውነትሽን ነው።»

«ቢ» እና «ዝ» አናታቸው ላይ መስመር መጨመር ነው፤ ቀላል ይመስላል። ጨመርኩ፤ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች መሰሉ። አቀጠንኩት፤ አናታቸው ላይ የወደቀ ፀጉር መሰለ። ሳምንቱ እንዲሁ ሄደ። በዋዜማው፣ ሐሙስ ዕለት፣ ለሽማግሌው ላሳያቸው ተነሣሁ፤ መንገዱ ዝግ ነው ተባለ። ደወልኩ። ፊደል ደግሞ በስልክ አይታይም፤ «ራሱ ላይ ያለው መስመር ውፍረቱ ስንት ይሁን?» ብላቸው «የእጅሽን ያህል» አሉኝና መስመሩ ተቋረጠ።

ያን ጊዜ ተናደድኩ። በመንገዱም፣ በስልኩም፣ በራሴም። በሃያ አራት ዓመቴ የተማርኩ ስለሆንኩ ሁሌ አንድ ሰው «ልክ ነሽ» እንዲለኝ ስጠብቅ ኖሬአለሁ። እነዚህ ሁለት ፊደላት ግን ልክ የሚላቸው መምህር የላቸውም። ከእኔ በፊት በዚህ እጅ የጻፋቸው የለም። የተጨመረው መስመር እንደ ሌሎቹ ፊደላት ጫማ ጫፍና ጫፉ ላይ እንዲከፈት አደረግሁት፤ መሐሉን እንደ ወገብ አሳሳሁት፤ ጥላውን ከጠዋት ፀሐይ ተቃራኒ ጣልኩት። ሹሩባውን ከሁሉም ላይ ነቀልኩ። ዓርብ ጧት ባለቤቱ ሲገባ ሃያ ሦስቱም ስክሪኑ ላይ ተራ በተራ ነበሩ። ዝርዝሩን ይዞ እያንዳንዷን ፊደል በጣቱ ፈለገ። አንድም አላጣም።

«አንቺ ሴትዮ» አለ። ማሽኑን አበራው።

መንገዱ ሲከፈት ሰቀልናቸው። ሰማያዊ መደብ፣ ነጭ ፊደል፣ ጥላው በቀጫጭን ነጭ መስመር፤ በወዲህ በኩል ወደ ግራ፣ በወዲያ በኩል ወደ ቀኝ። የወፍጮ ቤቷ ባለቤት አሮጌውን ከውስጥ፣ ከሚዛኑ በላይ ሰቅለው አዲሱን ከውጭ ተቀበሉ። ሽማግሌውን ከመስቀላችን በፊት በባጃጅ አስመጥቻቸው ነበር። አንዱን ታፔላ በእጃቸው ዳሰሱት።

«ለስላሳ ነው» አሉ። አልወደዱትም። «ቀለም ቢሆን ጣት ይይዝ ነበር።» ከዚያ የቴሌቪዥን ጥገናውን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው አዩና «ቪ»ን በጣታቸው ነኩ። «ይች የማን ናት?»

«የእኔ ናት፣ አባቴ።»

«አንገቷ አጥሯል።»

እውነታቸውን ነው። አሁን ኮምፒውተሩ ላይ አስረዝሜአታለሁ፤ እዚያ የተሰቀለችው ግን እንዳጠረች ነች።

የቢሮው ሰው የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ባለቤቱም እኔም የመጨረሻዎቹን እያጠበቅን ነበር። መንገዱ መሐል ቆሞ ቀና አለ። ፊቱ ጠቆረ።

«ይህ ምንድን ነው? የጠንቋይ ቤት ነው እንዴ? ማን ነው ይህን የፈቀደው?»

ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ሰጠሁት። «ጌታዬ፣ ወርዱና ቁመቱ፣ ቀለሙ፣ ከፍታው፣ ሁሉም በታዘዘው ነው። ይለኩት። የተጣሰው የትኛው መስመር ላይ ነው?»

«መስመር ታስቆጥሪኛለሽ?»

«የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ።»

«ዘመናዊ እንዲሆን ነው የተባለው! ሁሉም ያውቀዋል!»

«እንግዲያው ሁሉም የሚያውቀውን ይጻፉልኝና ላንብበው። ጎልቶ ይነበብ ነው የሚለው። ይነበባል።»

ወደ ባለቤቱ ዞረ። «የአንተ ሠራተኛ ናት? በሦስት ቀን ውስጥ አውርደህ በተለመደው ፊደል ትቀይራለህ። አልቀይርም የምትል ከሆነ ኃላፊነቱን ማን እንደሚወስድ አሁን ንገረኝ።»

ባለቤቱ ጫማውን አየ። ጫማው ላይ ምንም አልነበረም። አልፈረድኩበትም፤ ፈቃዱም፣ ልጆቹም፣ ቀጣዩም ሥራ ያለው በዚያ ሰው እጅ ነው። የወፍጮ ቤቷ ባለቤት ከዱካቸው ተነሥተው በር ላይ ቆሙ፤ ወፍጮውን አስቆሙት። ድንገት ዝም ሲል መንገዱ ሁሉ የሚሰማን መሰለኝ።

«እኔ እወስዳለሁ» አልኩ።

«በቃል አይደለም። በጽሑፍ ነው።»

«በጽሑፍ።»

ከደብተሬ አንድ ገጽ ገንጥዬ ወፍጮ ቤቱ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ሰውዬው ሰዓቱን እያየ ከላዬ ቆመ።  ስሜን፣ ዕድሜዬን፣ ሥራዬን ጻፍኩ። ከሥሩ እንዲህ አልኩ፦ «በቡሬ ዋና መንገድ በሚገኙት ሃያ ሦስት ታፔላዎች ላይ ያለውን ፊደል የመረጥኩት እኔ ነኝ። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት አልመረጠም። ፊደሉ የዚሁ አገር ሰው እጅ ነው፤ ትእዛዙም አይከለክለውም። ስለዚህ አላወርድም፣ እንዲወርድም አልስማማም።» ፈረምኩና ሰጠሁት።

ቆሞ አነበበው። ሁለት ጊዜ ያነበበው መሰለኝ። አጥፎ ኪሱ ከተተና መኪናው ውስጥ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ክረምት ገብቶ ወጥቷል። ለሌላው መንገድ የወጣው ወረቀት ፊደሉን ጭምር በስሙ ጠርቶ ያዛል፤ የዚያን መንገድ ታፔላዎች ባለቤቱ ራሱ ተቀምጦ ጻፋቸው፤ እኔ ከወንበሩ ተነሣሁለት። የቡሬዎቹ ሃያ ሦስቱ ግን አልወረዱም። እንዲወርዱ የሚያዝ ወረቀት ከመጣ አነበዋለሁ፤ መልሱንም እጽፋለሁ።